ከተማ የሌለው ቡድን

አትሌቲክስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሩጫን ነው፤ እኔ ግን በዚህ ስም የሚጠራውን የአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ዕጣ ለዓመታት በሐዘን ስከታተል ቆይቻለሁ።

ቡድኑ በ1901 እ.ኤ.አ. በፊላደልፊያ ሲመሠረት ጀምሮ እስከ 1950 ድረስ ያሠለጠነው ኮኒ ማክ ነበር፤ በእርሱ ዘመንም አምስት ጊዜ የአሜሪካ ቤዝቦልን የዓመቱን ትልቅ ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ አሸንፏል። በ1902 የተፎካካሪ ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ጆን መግሮው ቡድኑን “ነጭ ዝሆን” (ብዙ ወጪ የሚበላ፣ የማይጠቅም ነገር) ብሎ ሲያጣጥል ማክ ስድቡን አርማ አደረገው፤ ዝሆኑ ዛሬም ከቡድኑ ጋር አለ። ይሁን እንጂ ያው ማክ ገንዘብ ሲያጥረው ድንቅ ተጫዋቾቹን ሁለት ጊዜ በትኗቸዋል። በ1955 ቡድኑ ወደ ካንሳስ ሲቲ ተዛወረ፤ እዚያ በቆየባቸው 13 የውድድር ዘመናት ካሸነፈው የተሸነፈው ያልበለጠበት አንድም ዓመት አልነበረም።

በ1968 ኦክላንድ ሲገባ ግን ዕጣው ተለወጠ። ከ1972 እስከ 1974 ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1989 ከጎረቤቱ ከሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ጋር ለዋንጫ ተገናኝቶ ሦስተኛው ግጥሚያ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው አካባቢውን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው፤ ውድድሩ ከአሥር ቀናት በኋላ ቀጥሎ ኦክላንድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራቱንም ግጥሚያዎች አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2002 ደግሞ ለተጫዋቾች ደመወዝ ከሚያወጡት መካከል ከዝቅተኞቹ አንዱ ሆኖ ሳለ 20 ግጥሚያዎችን በተከታታይ ረታ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ስታዲየሙ እያረጀ፣ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች እየተሸጡ ሄዱና በ2023 ቡድኑ 112 ጊዜ ተሸነፈ። ደጋፊው ቀረ ተብሎ ሲወቀስ ሰኔ 13 ቀን 27,759 ሰዎች ወደ ሜዳው መጥተው የቡድኑን ባለቤት “ሽጠው” እያሉ ጮኹ፤ በዚያ ምሽት ቡድኑ በወቅቱ የሊጉ ምርጥ የነበረውን ታምፓ ቤይን 2 ለ 1 አሸነፈ። እኔ እስከ ዛሬ የማምነው ደጋፊው ቡድኑን እንዳልተወ፣ የተተወው እርሱ ራሱ እንደሆነ ነው። በኅዳር ወር የሊጉ ባለቤቶች ወደ ላስ ቬጋስ የሚደረገውን ዝውውር በሙሉ ድምፅ አጸደቁ። መስከረም 26 ቀን 2024 በተደረገው የመጨረሻው የኦክላንድ ግጥሚያ ቴክሳስ ሬንጀርስን 3 ለ 2 ሲረታ 46,889 ሰዎች ተገኝተው ተሰናበቱት።

የላስ ቬጋስ ስታዲየም በ2028 እስኪከፈት ድረስ ቡድኑ በካሊፎርኒያዋ ዌስት ሳክራሜንቶ 14 ሺህ ያህል ሰው በሚይዝ ትንሽ ሜዳ ይጫወታል፤ ከስሙም ፊት የከተማ ስም የለም። በ2025 የ22 ዓመቱ ኒክ ከርትዝ በአንድ ግጥሚያ አራት ሆም ረን (መቺው ሁሉንም ማዕዘኖች ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) መትቶ ቡድኑ የሚጫወትበት የአሜሪካን ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሏል። በዚያው ዓመት ደጋፊዎች አክሲዮን የገዙበትና በ2024 መጫወት የጀመረው ኦክላንድ ቦለርስ የተባለ ትንሽ ቡድን ከዋናው ሊግ ውጭ ያለውን የአነስተኛ ቡድኖች ውድድር፣ የፓዮኒር ሊግን፣ ዋንጫ ለኦክላንድ አመጣ።