ስተነፍስ የምትጠፋዋ አደይ አበባ

በዘንድሮው ከተራ ደረቴ ላይ የሰካኋት፣ ከጨርቅና ከትንንሽ መብራት የሠራኋት አደይ አበባ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አንዴም ሳትጠፋ አመሸች። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ለዚያች ሌሊት አምስት ወር ደክሜያለሁ። ታቦቱ ባደረበት ቦታ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ደረትሽ ላይ የሚነደው ምንድን ነው? ልብስሽን እንዳይበላው!» ሲሉኝ እጃቸውን ይዤ አስነካኋቸው። «አያቃጥልም እማማ፣ ይንኩት» አልኳቸው። ጣታቸውን ቢጫው ብርሃን ላይ አሳርፈው ቆዩ። እንደ እኔ ክርና መብራት አብረው ለመስፋት ለምትሞክሩ ሁሉ ያሳለፍኩትን ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ያኔ ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ቀሚስ እጠልፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። የኤሌክትሪኩን ነገር የለቀምኩት ከታናሽ ወንድሜ ደብተርና ከስልኬ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ገበያ ላይ ስላጣሁ ከተበላሸ የቻርጀር ገመድ ውስጥ ቀጫጭኑን የመዳብ ሽቦ መዝዤ ሰፋሁበት። በራልኝ። በሦስተኛው ቀን ጨርቁ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተበጠሰ፤ መዳብ እየታጠፈ ሲዘረጋ ይሰበራል። ቀጥሎ ለጥለት የሚገባውን፣ ሳባ የምንለውን የሚያብለጨልጭ ክር ሞከርኩ። ስላብለጨለጨ ብረት መስሎኝ ነበር፤ ቴስተሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ግን ምንም አላነበበም። ለካስ የሚያብለጨልጨው እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ነው፤ ቅቡም በፕላስቲክ ስለሚሸፈን ኤሌክትሪኩ የሚገባበት በር የለውም። በመጨረሻ አንድ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ አንድ ጥቅል የማይዝግ ብረት ክር አመጣልኝ። መልኩ ግራጫ ነው፤ በጣት ሲያሹት ሻከር ይላል። ኤሌክትሪክን የሚቃወምበትን መጠን ስለካው አንዱ ክንድ 14 ኦም ገደማ ሆነ። በብር የተለበጠ የናይለን ክርም አለ፤ ሲሰፉት ይለሰልሳል፣ ግን ብሩ እየዋለ እያደረ ይጠቁራል። ደረት ላይ ለሚውል ነገር ብረቱን እመርጣለሁ።

አደይ አበባዬ ስምንት ቅጠል አላት። አንድ እየዘለልኩ በአራቱ ላይ ኤልኢዲ የሚሏትን ቢጫ ትንሽ መብራት ሰፋሁ። ከጀርባዋ ሲአር2032 የሚሏትን ክብ የ3 ቮልት ባትሪ ከነማቀፊያዋ አስቀመጥኩ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ሰዓቱን የምታስቆጥረዋ ናት፣ ሞባይል ጥገና ቤት ትገኛለች። የኤልኢዲዎቹን እግሮች በፒንሳ ጠቀለልኩ፤ ፖዘቲቩን ክብ፣ ኔጋቲቩን አራት ማዕዘን አድርጌ፣ በጨለማም በጣት ዳብሼ እንድለያቸው። የፖዘቲቩ ክር በውጭ ዙሪያ፣ የኔጋቲቩ በውስጥ ዙሪያ ይሄዳል፤ ሁለቱ የትም አይገናኙም።

ጠረጴዛ ላይ ስትሆን አይን ትስብ ነበር። ደረቴ ላይ ስሰካት ግን ጠፋች። ትንፋሼን ይዤ ቆም ስል በራች። አየር ስስብ ጠፋች፣ ሳስወጣ ተመለሰች። መስታወት ፊት ቆሜ ይህን ደጋግሜ አየሁት፤ ደረቴ ከፍ ባለ ቁጥር አራቱም በአንድ ላይ ድርግም።

ባትሪ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ያማከርኩት ጠጋኝ ባትሪው ደካማ ነው ብሎኝ ስለነበር አምኜው ገንዘቤን አወጣሁ። ኤልኢዲዎቹን ለወጥኩ። ሙሉውን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ፤ አንድ እሑድ እንዳለ በዚህ አለቀ። ያው ሆነ። ማሰብ የነበረብኝ ግን ከመጀመሪያው ፊቴ ነበር፤ አራቱ በአንድ ላይ ከጠፉ ችግሩ ከአራቱ በፊት ባለው የጋራ መንገድ ላይ ነው። ለየብቻቸው ቢጠፉ ኖሮ እያንዳንዳቸውን መጠርጠር ይገባኝ ነበር። ይህን ሳላስብ ስንት ስፌት ፈታሁ!

አንድ ማታ ባትሪውን አውጥቼ ቴስተሩን መንገዱ ሲገናኝ ድምፅ የሚሰጥበት ላይ አደረግሁት። አንዱን ጫፍ የባትሪ ማቀፊያው ፖዘቲቭ እግር ላይ፣ ሌላውን ከእግሩ ሁለት ስፌት ርቆ ክሩ ላይ ይዤ፣ ወንድሜ ጨርቁን ደረት እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ እንዲያጥፈው ነገርኩት። ጢጥ ይል የነበረው ተቋረጠ። ሲዘረጋው ተመለሰ። ችግሩ እንግዲህ ከጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። አጉሊ መነጽር ተውሼ ሳየው በክሩና በእግሩ መካከል አንድ የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ተኝቷል፤ ቋጠሮው እንዳይፈታ ብዬ የቀባሁት የጥፍር ቀለም ነው። ቀለሙ በክሩ ውስጥ ሰርጎ ከሥር ገብቶ ደርቋል። የጥፍር ቀለም ደግሞ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጨርቁ ሲዘረጋ ክሩ በአንድ ጎኑ ብረቱን ይነካል፤ ሲታጠፍ ቀለሙ ላይ ይቀመጣል።

ጥፋቱ የቀለሙ ብቻም አይደለም። የጥጥ ክር ሲቋጥሩት እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የብረት ክር ግን እንደ ሞላ ወደኋላ ይመለሳል፣ ለቀቅ ሲያደርጉት ይላላል። እኔ በጥጥ የለመደ እጄን ይዤ ገባሁ፤ ሁለት ቋጠሮ፣ ከዚያ ቀለም። ላላ ያለ ቋጠሮ ላይ ቀለም መቀባት ለቀለሙ መግቢያ ማዘጋጀት ነው።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የባትሪ ማቀፊያውን በተራ የጥጥ ክር ጨርቁ ላይ አጥብቄ እሰፋዋለሁ። የባትሪውን ክብደት ጥጡ ይሸከም፤ ብረቱ ክብደት ከተሸከመ በየእርምጃው ይጎተታል። ከዚያ የብረቱን ክር በእግሩ ቀዳዳ አራት ጊዜ አሳልፌ፣ እያንዳንዱን ዙር በአውራ ጣቴ ጥፍር ተጭኜ አጠብቃለሁ። ክሩን ወደ ጨርቁ ጀርባ አውጥቼ እዚያ ሦስት ጊዜ እቋጥራለሁ። ጨርቁን እያጠፍኩ ድምፁን እሰማለሁ። ድምፁ ካልተቋረጠ ብቻ አንዲት ጠብታ ቀለም፣ እሷም ጀርባው ላይ ላለው ቋጠሮ። ሲደርቅ እንደገና ድምፁን አዳምጬ ትርፉን ክር አጭር አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ የተበተነ ጫፍ ጎረቤቱን ክር ነክቶ ሾርት ያደርጋል፣ ባትሪውም ይሞቃል።

ስለ ዘዴ ያለኝን አቋም ልናገር። ጀማሪ በሊሊፓድ አይጀምር። ሊያ ቢክሊ የነደፈችውና እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ይህ ልብስ ላይ የሚሰፋ፣ በኮድ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ግሩም ሥራ ነው፤ ግን ቋጠሮ ሳይችሉ ኮድ መጻፍ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ሁለት ያደርገዋል። አንድ ባትሪ፣ አንድ ኤልኢዲ፣ አንድ ሳምንት ልበሱት። ሙቅ ሙጫም አልወድም። የሚይዝ ይመስላል፣ ጨርቁ ሲታጠፍ ይላጣል። ነጠላ ላይ በቀጥታ አትስፉ፤ ይጨማደዳል። እኔ ከጋቢ የተረፈ ቁራጭ ድርብ አድርጌ እሰፋና በመርፌ ቁልፍ እሰካዋለሁ። ልብሱ ሲታጠብ አበባዋ ለብቻዋ ትቀመጣለች።

ያልተሳካልኝም አለ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባጅ በአንድ ባትሪ ልሠራ ስል ቀዩ ብቻ ቦግ አለ፣ ቢጫው ፈዘዘ፣ አረንጓዴው ጭራሽ አልበራም። ቀይ በ2 ቮልት አካባቢ ይበራል፣ ደማቁ አረንጓዴ ግን ወደ 3 ይፈልጋል፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ቀዩ ቮልቴጁን ወደ ራሱ ያወርደዋል። ለአረንጓዴው የራሱን ባትሪ ሰጥቼ አለፍኩት። ባጁ ከበደ፣ አንገቱም ወደ ፊት ይዘነበላል። በዚህ ሥራዬ አልረካሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እነዚህን ክብ ባትሪዎች ልጅ ከዋጣቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ሊያቃጥሉ ይችላሉ። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የወደቀ ነገር ሁሉ ወደ አፉ ነው። ስለዚህ ማቀፊያው ላይ ክዳን ሰፍቼበታለሁ፣ ያለቀውም የትም አይጣልም።

አሁን እጄ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ጠቅ ብሎ የሚገጥመውን የብረት ቁልፍ ሁለቱን ግማሾች በፖዘቲቩ መንገድ መካከል ሰፋኋቸው፤ ሲገጥም ይበራል፣ ሲላቀቅ ይጠፋል። ከፋሲካ በኋላ ለምታገባ ጓደኛዬ ሚዜዎች አራት አበባ ማድረስ አለብኝ። ትናንት ማታ አንዱን ቁልፍ ሁለት መቶ ጊዜ ከፈትኩ ዘጋሁ። ወንድሜ እየቆጠረልኝ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ መስታወት ፊት ቆሜ በረጅሙ ተነፈስኩ፤ አልጠፋችም።