ሚሊፎኒ የጠዋት ነው

ልጅ ሳለሁ አባዬ ደሞዝ የወሰደ ቀን በክር የታሰረ ካርቶን ይዞ ይገባ ነበር። ከፒያሳ፣ ከኤንሪኮ ኬክ ቤት የገዛው ሚሊፎኒ ነው። በአውቶብስ ሳሪስ እስኪደርስ ክሬሙ ሊጡን አርሶታል። እኔም ሚሊፎኒ ማለት ለስላሳ ኬክ ነው ብዬ አደግኩ።

ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ያንን ጣዕም ፍለጋ ቅዳሜ ቅዳሜ የፒያሳን የድሮ ኬክ ቤቶች መዞር ጀመርኩ። የምሄደው አመሻሽ ላይ ነበር፣ ሰው ለማኪያቶ ሲወጣ። መስታወቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ኬክ ቢቀር ነው። አንዱ ቤት የሰጡኝማ እንደ ቆዳ ተለጠጠብኝ። አጠገቤ ጋዜጣ የሚያነቡ አዛውንት አይተውኝ ኖሮ፣ "ልጄ፣ ኬክ የጠዋት ነው። ማታ ያለው የተረፈው ነው" አሉኝ።

በሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ትሪው ገና ከጓዳ እየወጣ ነው። እዚያው ባንኮኒው ጋ ቆሜ ገመጥኩት። ኮሽ አለ! ንብርብሩ እየተሰባበረ ደረቴ ላይ ረገፈ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛው ክሬም መጣ። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ሚሊፎኒ በልቼ አላውቅም!

ስሙም የሚለው ይህንኑ ነው። ጣልያኖቹ ሚሌፎሊዬ ይሉታል፣ ሺህ ቅጠል ማለት ነው። ሊጡ በመሃሉ ቅቤ እየተደረገ ይታጠፋል፣ ይዳመጣል፣ ቀዝቅዞ እንደገና ይታጠፋል። ምድጃ ሲገባ እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ እያንዳንዱን ሽፋን ያነሳዋል። ክሬሙ ከተቀባ በኋላ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ አሁን ስለ ዋጋው ከመጠየቄ በፊት "ክሬሙ መቼ ተቀባ?" እላለሁ። ጎን ለጎኑንም አያለሁ። ጠርዙ ደህና አድርጎ ቡናማ ከሆነ እወስዳለሁ፣ ነጣ ካለ በደንብ አልበሰለም። ቦምቦሊኖ ቀላል ነው፤ ትኩስ ከሆነ ይበላል፣ ካልሆነ ይለፍ።

ጾሙንም ማስላት አለብህ። ረቡዕና አርብ ብዙ ሰው የጾም ኬክ ነው የሚያዘው፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ይከርማል። የእኔ ቅዳሜ ደግሞ የአርብ ማግስት! ቀኔን ወደ ማክሰኞ አዞርኩት፣ ከሥራ በፊት።

በ2016 ዓ.ም. ብዙው ፒያሳ ሲፈርስ ከምወዳቸው ቤቶች አንዱም አብሮ ሄደ። በጣም አዘንኩ። ብዙ ሰው "የድሮው ኬክ አለቀ" ሲል እሰማለሁ፣ እኔ አልስማማም። የጣልያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህን ሙያ አንዱ ከአንዱ እያየ ጓዳ ውስጥ ያቆዩት የእኛው ኬክ ሠሪዎች ናቸው። ስለዚህ የድሮዋን አስተናጋጅ ደውዬ "ሠሪው የት ገባ?" አልኳት። አራት ኪሎ አካባቢ፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ቤት ውስጥ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አባዬን ይዤው ሄድኩ። "ካርቶን ውስጥ አስደርጊው፣ ቤት እንበላዋለን" አለኝ። እንቢ አልኩ። ቆሞ ገመጠና ዝም አለ። ከረባቱ ላይ የረገፈውን በጣቱ እየለቀመ ጨረሰና፣ "አንድ ድገሚኝ" አላት ልጅቷን።