ድሬዳዋ ከአልጋዬ ሥር

አባቴ ድሬዳዋ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ በያጅ ነበር። ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ዘመን ዓይኔ ላይ የቀረው ሎኮሞቲቩ አይደለም፤ ከጣቢያው ወጥቶ በግራሮቹ መሐል እየቀጠነ የሚጠፋው ሀዲድ ነው። ዛሬ ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ውስጥ በአንዲት ክፍል እኖራለሁ። ሞዴል ባቡር መሥራት ስጀምርም የፈለግኩት ያንን ርቀት ነበር።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በብዙዎች ዘንድ በተለመደው በ1:87 ልክ ነበር፤ ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ጣቢያውንና ሁለቱን መታጠፊያዎች ሳስቀምጥ ጠረጴዛው አለቀ፤ ለግራሮቹ ቦታ አልተረፈም። ሸጥኩት።

ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጎፒንገን ከተማ ያለው ሞዴል ባቡር ሠሪው ሜርክሊን እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው 1:220 የሚባል ልክ አለ፤ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይህ የተሠራው ለአውሮፓው ሰፊ ሀዲድ ነው። የጅቡቲ–አዲስ አበባው አሮጌ መስመር ግን ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። አንድ ማታ ባቡሩን በ1:160 ብሠራውስ ብዬ 6.5ን በ160 አባዛሁት፤ 1 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር መጣ! የዚያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የስዊዘርላንድን የተራራ ባቡሮች የሚሠሩ ሰዎች ዘዴውን ቀድሞም ያውቁታል፤ ለእኔ ግን የአባቴ ሀዲድ ያኔ ተገኘ። ያገለገለ የ1:220 ሎኮሞቲቭ ገዛሁ፤ ሞተሩንና ጎማውን አስቀርቼ አካሉን ከካርቶንና ከስስ ፕላስቲክ በ1:160 ሠራሁለት።

784 ኪሎ ሜትሩን በሙሉ በዚህ ልክ ላንጥፍ ብል ወደ 5 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ይፈጃል። ስለዚህ የጣቢያውን መውጫና ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ ብቻ መረጥኩ። ኮምፔንሳቶው 50 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስጨርስ አልጋዬ ሥር ይገባል። ባቡሩ ባነሰ ቁጥር አገሩ እንደሚሰፋ የገባኝ ግራሮቹን ስተክል ነው። ጣቢያው አንዱን ጥግ ያዘ፤ የቀረው ሁሉ ሜዳ ሆነ።

ብዙ ያስቸገረኝ ሎኮሞቲቩ በየመንገዱ መቆሙ ነበር። ሞተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁት፤ በሦስተኛው አንዲት ሽቦ በጠስኩ። ጥፋቱ ሞተሩ ላይ አልነበረም። ኤሌክትሪኩ ከሀዲዱ በጎማው በኩል ነው የሚመጣው፤ ይህን ያህል ቀላል ዕቃ ደግሞ ሀዲዱን ተጭኖ አይሄድም። ጠጠሩን ስለጥፍ ያፈሰስኩት ኮላ በሀዲዱ ጎን ደርቆ ነበር፤ አቧራም አለ። አሁን ከማንም በፊት ሀዲዱን ነው የምጠረጥረው፤ አልኮል በነካ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። አካሉ ውስጥም የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ቆርጬ ከተትኩለት።

ጣቢያውን በፕላን አልሠራሁትም፤ አሮጌ ፎቶ ላይ በር አጠገብ የቆመ ሰው ነው መለኪያዬ። 1.70 ሜትር ሰው በ1:160 አሥር ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ በሩንም ጣሪያውንም በእሱ ለካሁ። መስኮቶቹ ላይ ግን በወረንጦና በማጉያ መነጽር ሁለት ሳምንት አጠፋሁ፤ አንድ እርምጃ ራቅ ሲሉ አይታዩም። የሚታየው የጣሪያው መስመርና የግድግዳው ቀለም ነው። ቀለሙን ደግሞ ከእውነተኛው ፈዘዝ ማድረግ ይሻላል፤ ትንሽ ነገር ላይ ደማቅ ቀለም አሻንጉሊት ያስመስላል።

ባለፈው እህቴ ከድሬ ስትመጣ ከከተማዋ ወንዝ ከደቻቱ አንድ ላስቲክ አሸዋ አመጣችልኝ። ደስ ብሎኝ እንዳለ በተንኩት፤ ሜዳው በቋጥኝ ተሞላ። አንድ ሚሊ ሜትር ፍሬ እዚህ 16 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ነው። ሁሉንም በብሩሽ ሰብስቤ በናይለን ካልሲ ነፋሁት፤ እንደ ዱቄት ላሞ የወረደውን ብቻ መልሼ በሀዲዱ ዳርና በግራሮቹ ሥር አለበስኩት። ወፍራሙን ግን ደቻቱን ለመሥራት አስቀምጬዋለሁ።