ዜሮዋን ፍለጋ

ፕሮግራሙን የጻፍኩት ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከመዝገብ ፋይል መስመር በመስመር ያነብና ሁሉንም ቀጣጥሎ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይሠራል። በ2,000 መስመር ሞከርኩት፤ ወዲያው አለቀ። አስረከብኩ።

ትክክለኛው ፋይል 200,000 መስመር ነበረው። አስነሱት፤ አምስት ደቂቃ አለፈ፣ ምንም የለም። አልወደቀም፣ ስህተትም አላወጣም። ውጤቱን የሚጠብቁት ሰዎች ደጋግመው ሲደውሉ በጣም ጨነቀኝ። ዲስኩን ጠረጠርኩ፤ ዲስኩ ግን ሥራ ፈትቷል። የሚለፋው ፕሮሰሰሩ ነው።

የቡድናችን አንጋፋ ባለሙያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «በዲበገር አስቁመውና የት እንዳለ እይ» አለችኝ። ዲበገር የሚሠራን ፕሮግራም አስቁሞ የትኛው የኮድ ክፍል ላይ እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። አስቆምኩት፤ ስትርካት (strcat) ውስጥ ነው፤ አንዱን ጽሑፍ በሌላው ጫፍ ላይ የሚለጥፈው የሲ ተግባር። ለቀቅኩት፣ እንደገና አስቆምኩት፤ አሁንም እዚያው። ለአምስተኛ ጊዜም እዚያው።

«አንድ መስመር ለመጨመር ከየት ነው የሚነሳው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ገባኝ።

የሲ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ ርዝመቱን አያውቅም። ማለቂያውን የምትነግረው አንዲት ዜሮ ባይት ብቻ ናት። ስትርካት ደግሞ በተጠራ ቁጥር እሷን ፍለጋ ከመጀመሪያው ባይት ይነሳል። የእኛ መስመር በአማካይ 60 ባይት ገደማ ነበር። ወደ መጨረሻው አካባቢ 60 ባይት ለመቀጠል 12 ሚሊዮን ባይት ያህል አቋርጦ ይሄዳል ማለት ነው። የመስመሩ ብዛት 100 እጥፍ ሲሆን ልፋቱ 10,000 እጥፍ ይሆናል። በትንሽ ሙከራ ይሄ ጭራሽ አይታይም፤ እስካሁን የሚቆጨኝም እሱ ነው።

የተጻፈውን ርዝመት በአንድ ተለዋዋጭ ያዝኩ፤ አዲሱን መስመር፣ ባይቶችን በሚቀዳው በሜምካፒ (memcpy)፣ በቀጥታ ጫፉ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ቦታው ሲሞላ፣ የተያዘ የሜሞሪ ቦታን መጠን በሚቀይረው በሪአሎክ (realloc)፣ እጥፍ አደርገዋለሁ። የሪአሎክን መልስ የምቀበለው በሌላ ፖይንተር (አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ነው፤ ካልተሳካለት ናል (ባዶ አድራሻ) ይመልሳል፣ በዚያው በድሮው ላይ ከተቀበልኩት ያጠራቀምኩት ጽሑፍ አድራሻ ይጠፋብኛል።

እንደገና ስናስነሳው ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ጨረሰ። ግን ጽሑፉ ጫፍ ላይ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ተለጥፈዋል። ለካ ዜሮዋን እስከዛሬ የሚያስቀምጥልኝ ስትርካት ነበር፤ ሜምካፒ የሰጡትን ብቻ ነው የሚቀዳው። አንድ ባይት ቦታ ጨምሬ መስመሮቹን እየደጋገመ ከሚቀጥለው ሉፕ በኋላ በእጄ አስቀመጥኳት።

ከሰዓት በኋላ የቀረውን ኮድ ስፈትሽ ሉፕ ውስጥ የገባ ስትርካት ሌላ ሁለት ቦታ ላይ አገኘሁ። ሁለቱንም በዚያው ቀን ቀየርኳቸው። የሙከራ ፋይላችንም ከዚያ ወዲህ 200,000 መስመር ነው።