ጣሳው የወረደበት ጠላ ቤት

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሐ ጽዮንን አልፈን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ሲጀምር ሙቀቱ ያፍናል። ድልድዩን ተሻግረን ደጀን ስንወጣ የደጋው ነፋስ ፊቴን መታኝ፤ ያኔ ነው አገሬ ገባሁ የምለው። ዘንድሮ ግን ያስቸኮለኝ አንድ ጠላ ቤት ነበር።

ደረስኩ። አጥሩ ላይ እንጨቱ አለ፣ ጣሳው የለም።

ጠላ ቤት መቼም ማስታወቂያ የለውም፣ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ይደፋል፣ በቃ። ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል። የዚያ ቤት ጣሳ ግን ከወረደ ቢበዛ ሁለት ቀን ነበር።

ባለቤቷን ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነበር የሚላቸው። ጋኑን በግራዋ ፈትገው አጥበው በወይራ ሲያጥኑት ጢሱ እኛ ቤት ድረስ ይመጣል። ጌሾው ይጠነሰሳል፣ ብቅሉ ይገባል፣ ቀጥሎ እንኩሮው፤ ድፍድፉ በደንብ ሳይበስል ውሃ አይሞሉበትም፣ ደንበኛ ደጅ ላይ ቆሞ ቢለምናቸውም። እንደዚያ ዓይነት ጠላ ሌላ ቦታ አልቀመስኩም።

አባቴ ጠላ ቅዳ ብሎ ሲልከኝ መደቡ ጥግ ቁጭ እልና እቆያለሁ። የከተማችን የድሮ ስም መንቆረር እንደነበር የሰማሁት እዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ በ1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ያነገሧቸውን የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲያነሱ፣ ትናንት አብረዋቸው የዋሉ ነው የሚመስሉት። እምባቦ ጦርነት ላይ በሸዋ ጦር መማረካቸው ሲነሳ ግን ቤቱ ጭጭ ይላል። እኔም ዋንጫ የያዘ እጅ ሁሉ ሲቆም እያየሁ፣ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ገባኝ።

በሩን ሳንኳኳ ልጃቸው ወጣች። እማማ አርፈዋል። ጋኖቹ ጓሮ ተደፍተው አየሁ፣ ጌሾው ግን ለምልሟል።

«ብቻዬን አልቻልኩም ጋሼ» አለችኝ። «ገብሱም ጌሾውም ተወደደ፣ ልጆቹም ቢራ ነው የሚሉት።» ቡና አፈላችልኝ። ስለ ጣሳው ጠየቅኳት። ጓዳ ገብታ ይዛው መጣች፣ ዱቄት ነክቶታል።

«እህል እሰፍርበታለሁ። ይውሰዱት እንዴ?»

እምቢ አልኳት። ጎኑ ላይ ያለው ስርጉድ እንዳለ ነው፣ አንድ የገበያ ቀን በቅሎ የረገጠችው።