ለስንት ቶን ነው ይሄ ሁሉ ጉልበት?

ሁለት የከባድ መኪና ሹፌሮች ቆመው ማውራት ከጀመሩ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሞተር ላይ መድረሱ አይቀርም። «ያንተ ስንት ፈረስ ነው?» መልሱ 460 ከሆነ ማንም አይገረምም፣ ወሬው ይቀጥላል። 770 ከሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሰው ይሰበሰባል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ድምፁ ይደመጣል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «ይሄ ሁሉ ጉልበት ምን ያደርጋል? ገንዘብ ማቃጠል ነው» ይላል። ሌላው «ነድተኸው ስለማታውቅ ነው» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም አያዳምጥም።

እኔ ትልቅ ሞተር የምወድ ሰው ነኝ። ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገቱን ሳይጨነቅ የሚወጣ መኪና መንዳት ደስ ይላል፣ ይሄንን ደስታ የሚያናንቅ ሰውም አይመቸኝም። ግን ክርክሩን በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ያበሳጨኛል። ሁሉም የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ብቻ ነው። ለስንት ቶን? ለምን ዓይነት ዳገት? ይሄን የሚጠይቅ የለም። ያለዚህ ጥያቄ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረኝም።

ቁጥሩ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። የስዊድኑ መኪና አምራች ስካኒያ በ1969 እ.ኤ.አ. ቪ8 ሞተሩን (8 ሲሊንደሮቹ በቪ ቅርጽ የተደረደሩለትን) ሲያወጣ 14 ሊትር ነበር፣ ጉልበቱም 350። በጊዜው ይሄ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ተፎካካሪው ቮልቮ በ1993 ኤፍኤች16 የተባለውን መኪና ሲያመጣ 520 ገባ። ከዚያ ፉክክሩ ጦፈ። ስካኒያ በ2005 620፣ በ2010 730 አደረሰው። ቮልቮ 750 ብሎ አለፈው፣ ስካኒያ በ2020 በ770 መለሰ፣ ቮልቮ ደግሞ በ2024 ባለ 17 ሊትር ሞተር ይዞ 780 አለ። ያ በ1969 ያስደነቀ 350 ዛሬ 40 ቶን ለሚጎትት መኪና ደካማ የሚባል ነው።

እንግዲህ ሜዳ ላይ እንጀምር። 40 ቶን ይዞ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል? መኪናው ሜዳ ላይ የሚታገለው ከንፋስ እና ከጎማ መንከባለል ጋር ብቻ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 140 የፈረስ ጉልበት ግድም ይመጣል። አዎ፣ 140። ባለ 770ው በዚያን ሰዓት ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛውን እንኳ እየተጠቀመበት አይደለም። በዚያ ላይ በአውሮፓ ከባድ መኪና በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ሞተሩ ላይ ገደብ ይደረግበታል፣ ስለዚህ 420ውም 780ውም ሜዳ ላይ እኩል ነው የሚሄዱት። «ገንዘብ ማቃጠል ነው» የሚሉት ሰዎች የሚያስቡት ይሄንን መንገድ ነው። ለዚህ መንገድ ልክ ናቸው።

አሁን ዳገት እንውጣ። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ 6 ሜትር ከፍ ይላል እንበል፣ ርዝመቱም 5 ኪሎ ሜትር ይሁን። ጭነቱን ጨምሮ ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ክብደቱን ሽቅብ የሚጎትተው ኃይል ከንፋሱና ከጎማው ትግል ጋር ተደምሮ በፍጥነቱ ሲባዛ የሚፈለገው ጉልበት ይገኛል፣ ከሞተር እስከ ጎማ ድረስ የሚባክነውን ደግሞ አንድ አስረኛ ገደማ አድርጎ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት ባለ 460ው በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወጣል። ባለ 560ው 50 አካባቢ። ባለ 770ው ወደ 68። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አንዱ እየተንፏቀቀ ሌላው እያለፈው ይሄዳል።

በጊዜ ስንለካው ግን 770ው ከ460ው ቀድሞ ጫፍ ላይ የሚደርሰው በ3 ደቂቃ ባልሞላ ልዩነት ነው። አንድ ዳገት ብቻ ከሆነ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ተራራ ለሚወጣና ለሚወርድ ሹፌር ግን እንደዚህ ያሉ አሥር ዳገቶች ተደምረው ግማሽ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። በአውሮፓ ሕግ ሹፌር ከ4 ሰዓት ተኩል መንዳት በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፣ በቀን የሚነዳውም በመደበኛው 9 ሰዓት ነው። የመንጃ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ማቆሚያ ቦታው ገና 20 ኪሎ ሜትር የቀረው ሰው ያቺን ግማሽ ሰዓት እንዴት እንደሚመለከታት ገምቱት። በሌላ በኩል ደግሞ ዳገቱ አንድ መስመር ብቻ ካለው እና ከፊትህ የተጫነ 420 ካለ፣ ወንድሜ፣ 770ህ እዚያው ተሰልፎ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፊንላንድ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ እስከ 76 ቶን ጠቅላላ ክብደት መንዳት ይፈቀዳል። ስዊድንም ከ2018 ወዲህ በተመረጡ መንገዶች ላይ 74 ቶን ፈቅዳለች። አብዛኞቹ ትልልቅ ሞተሮች የተፈጠሩት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው፤ ከጫካ ግንድ የሚያወጡ፣ በበረዶ ላይ ተሳቢ የሚጎትቱ መኪኖች። 770ውን ለ76 ቶን ስናካፍለው ለአንድ ቶን 10 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይደርሳል። 460ውን ለ40 ብናካፍል ግን 11.5 ነው። አያችሁት? ሁሉም የሚቀናበት ያ ግዙፍ ሞተር በዚያው በ6 በመቶ ዳገት ላይ 76 ቶን ይዞ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚወጣው። ማንም ዞር ብሎ ከማያየው ከ460ው ያንሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ያ ግንድ ጫኝ ሹፌር 770 ሲጠይቅ የቅንጦት ጥያቄ እየጠየቀ አይደለም። ሥራው ነው። ቀላል ጭነት ይዞ ሜዳ ለሜዳ የሚመላለሰው ደግሞ ያንኑ ሞተር ሲፈልግ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም በአንድ ክርክር ውስጥ ገብተው «ያስፈልጋል» «አያስፈልግም» ሲባባሉ የማይግባቡት ለዚህ ነው። የጀርመን የትራንስፖርት ደንብ ይሄንን ገብቶታል። ለከባድ መኪና የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ጉልበት ለእያንዳንዱ ቶን 5 ኪሎ ዋት ነው። ለ40 ቶን 200 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 272 የፈረስ ጉልበት ይሆናል። ዝቅተኛው ይሄ ነው እንጂ ይበቃል ማለት አይደለም።

ሹፌሩ መሪው ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ግን የፈረስ ጉልበቱን ሳይሆን ቶርክ የሚባለውን የመጠምዘዝ ኃይል ነው። የስካኒያ 770 ገና በደቂቃ 1000 ዙር ላይ ሙሉውን 3700 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። ወደ ፈረስ ጉልበት ብንቀይረው በዚያ ዝቅተኛ ዙር ብቻ ከ520 በላይ ነው። 460ው ያለ የሌለውን አውጥቶ ከሚሰጠው በላይ ማለት ነው። ትልቁ ሞተር ዳገት ላይ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። ማርሽ አይለዋወጥም፣ ሞተሩ አይጮህም፣ ጋቢናው አይንቀጠቀጥም። ትንሹ ሞተር ግን አንድ ማርሽ ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይወድቃል፣ እንደገና ይቀንሳል፣ ሹፌሩም አብሮ ይጨነቃል። ይሄ ድካም በማንም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። በቀን 9 ሰዓት ለሚነዳ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። የጭነት ድርጅት ባለቤቶች ይሄን ቢያስቡበት ጥሩ ነው እላለሁ።

ሌላም አለ። ሹፌር ጋቢናው ውስጥ ነው የሚኖረው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ያወራል። ጠንካራ መኪና ሲሰጠው «አንተን እናከብርሃለን» እንደተባለ ነው የሚቆጥረው፣ አይሳሳትምም። ጥሩ ሹፌር እንዳይለቃቸው ብለው ትልቅ ሞተር የሚገዙ ባለቤቶች አሉ። ብልህነት ነው። ግን ምርጫ ከሆነ፣ ማለትም ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ 200 የፈረስ ጉልበት ትቼ ጥሩ ወንበር፣ ጥሩ መኝታ እና ሞተር ጠፍቶም የሚሠራ ማቀዝቀዣ እመርጣለሁ። የሞተሩ ጉልበት ዳገት ላይ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ወገቤ ግን ሁልጊዜም አብሮኝ ነው።

ስለ ነዳጅ ብዙ የተጋነነ ነገር ይወራል። 770 ስለሆነ ከ460 እጥፍ ሊጠጋ ይበላል የሚሉ አሉ። አይደለም። በዚያው የ5 ኪሎ ሜትር ዳገት 40 ቶን 300 ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሥራ በየትኛውም ሞተር አንድ ነው፣ ለዚያ ብቻ 8 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይሄዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ትልቁ ሞተር ሜዳ ላይ ሥራ ሳይበዛበት ሲዞር በውስጡ ያለው ሰበቃ ያለ ጥቅም ነዳጅ ይበላል። ሁለተኛ፣ የሹፌሩ እግር። ጉልበት ያለው ሰው ይጠቀምበታል። ከእያንዳንዱ አደባባይ ነዳጁን ረግጦ የሚወጣ ሹፌር ነዳጅም ይጨርሳል፣ የኋላ ጎማም ይበላል፤ ባዶውን በእርጥብ መንገድ ላይ ሲሄድ ደግሞ ጎማው በቦታው ይሽከረከርበታል። ቪ8 ከባለ 6 ሲሊንደሩ ይከብዳል፣ ክብደቱም የፊት አክስል ላይ ያርፋል። በኪሎ ለሚከፈለው ሰው፣ ለምሳሌ ሲሚንቶ ወይም ፈሳሽ ለሚጭን፣ ሞተሩ የሚበላው ክብደት ከጭነቱ የሚቀነስ ነው። ሲሸጥ ዋጋው ይይዛል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ቪ8 ፈላጊ አያጣም።

ከሁሉም በላይ ክርክሩ ውስጥ የሚረሳው ቁልቁለቱ ነው። ያንኑ 40 ቶን፣ ያንኑ የ6 በመቶ መንገድ፣ አሁን ወደታች። ፍጥነቱን በሰዓት 60 ላይ ለመያዝ ያለማቋረጥ ወደ 340 ኪሎ ዋት ኃይል መምጠጥ ያስፈልጋል። ይሄ ወደ 460 የፈረስ ጉልበት ነው! 460ው ሲወጣ የጨረሰውን ጉልበት በሙሉ ሲወርድ የሆነ ነገር መዋጥ አለበት። ያንን የእግር ፍሬን እንዲውጠው ካደረግነው ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ የሞተር ፍሬን እና ሪታርደር (የእግር ፍሬን ሳይነካ መኪናውን የሚያዘገይ ተጨማሪ መሣሪያ) ያስፈልጋሉ፣ ሪታርደሩ የሚያመነጨውን ሙቀት የሚያወጣ በቂ ራዲያተርም እንዲሁ። እዚህ ላይ ለትልቁ ሞተር ፍትሐዊ ልሁን፤ ሊትሩ የበዛ ሞተር በሞተር ፍሬኑም ይበረታል። ግን «ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሺህ ሰው ሳገኝ «ሪታርደሩ ስንት ይይዛል?» የሚል አንድ ሰው ማጣቴ በጣም ያሳስበኛል። ሲወጡ ጉልበት ቢጎድል የሚባክነው ደቂቃ ነው። ሲወርዱ ከተሳሳቱ ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው።

ኤሌክትሪክ መኪኖቹ ደግሞ ክርክሩን ሊያዘበራርቁት መጥተዋል። የመርሰዲስ ኢአክትሮስ 600 ከፍተኛው ጉልበቱ 600 ኪሎ ዋት ነው፣ ከ800 የፈረስ ጉልበት በላይ። ግን ያለማቋረጥ የሚሰጠው 400 ኪሎ ዋት ነው። ስለዚህ ረጅም ዳገት ላይ ትርጉም ያለው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ሲወርድ ደግሞ ያንን በሙቀት የሚባክን ኃይል ወደ ባትሪው መልሶ ያስገባዋል፣ እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው። የቪ8 ድምፅ ግን የለውም፣ ለብዙ ሹፌሮች ደግሞ ድምፁ የፍቅሩ ግማሽ ነው።

ለ40 ቶን፣ ዳገትም ሜዳም ላለው መንገድ፣ እኔ ብመርጥ ባለ 13 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ከ500 እስከ 560 ያለውን እወስዳለሁ። ስካኒያ በ2021 ያወጣው ባለ 560ው 2800 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፣ ይሄ ደህና ቶርክ ነው። የተረፈውን ገንዘብ ጠንካራ ሪታርደር ላይ አውለዋለሁ። ከ60 ቶን በላይ ግንድ ጭኖ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን «560 ይበቃሃል» የሚል ካለ አልስማማም። ለእሱ 770ውን ስጡት።