ሬኖን ይዞ መውጣት፣ ኦምብሮኔን ይዞ መውረድ

ከቦሎኛ ተነሥቶ ወደ ቶስካና መሻገር የሚፈልግ መንገደኛ የአፔኒን ተራሮችን በሦስት የተለያዩ ሐዲዶች ሊያልፋቸው ይችላል። በ2009 መጨረሻ የተከፈተው የፈጣን ባቡር መስመር ከጣቢያው ሥር፣ ከመሬት በታች ከተሠሩት መድረኮች ተነሥቶ ፍሎረንስ ለመድረስ አርባ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። በ1934 የተከፈተውና ጣልያኖች ዲሬቲሲማ፣ ማለትም «እጅግ ቀጥተኛው» የሚሉት መስመር ደግሞ ከላይ ካሉት ዋና መድረኮች ይነሣል። ሦስተኛው፣ በዕድሜ ግን ሁለቱንም የሚያስከነዳው፣ በ1864 የተከፈተው ፖሬታና ነው፤ እርሱን የሚፈልግ ሰው ከግርግሩ ወጥቶ ወደ ጣቢያው ምዕራባዊ ዳር፣ ትልልቅ ሻንጣ የሚጎትት ቱሪስት ወደማይበዛበት መድረክ መሄድ አለበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ባለፈው ጥቅምት የተሳፈርሁት በዚህ በሦስተኛው ነበር። በሁለቱ አዳዲስ መስመሮች ተራራውን ብዙ ጊዜ አቋርጬዋለሁ፤ ነገር ግን ከመንገዱ አብዛኛው ዋሻ ስለ ሆነ፣ ተራራው ምን እንደሚመስል የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር የመስኮቱን ጥቁረት ከመንገር በቀር መልስ አልነበረኝም። ፖሬታና 99 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ነጠላ ሐዲድ ሲሆን፣ ከቦሎኛ ተነሥቶ የሬኖን ወንዝ ሽቅብ ይከተላል፣ ከተራራው ጫፍ ሥር በዋሻ ያልፋል፣ ከዚያም በኦምብሮኔ ሸለቆ በኩል ወደ ፒስቶያ ይወርዳል። ሁለቱ ወንዞች መንገዱን አስቀድመው ባይቀይሱት ኖሮ መስመሩ ከናካቴው የሚታሰብ አልነበረም።

ዛሬ ቅርንጫፍ ይባል እንጂ ሲሠራ ግንድ ነበር። አሳቡ ጣልያን አንድ አገር ከመሆኗ በፊት የተጠነሰሰ ነው፤ በ1851 ኦስትሪያ፣ የጳጳሱ መንግሥት፣ ቶስካና፣ ፓርማና ሞዴና የፖ ወንዝን ሜዳ ከቶስካና ጋር የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ተስማሙ። ሥራው አልቆ ንጉሥ ሁለተኛው ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ በኅዳር 1864 መርቀው ሲከፍቱት ግን ቶስካና፣ ፓርማና ሞዴና እንደ መንግሥት ከካርታ ጠፍተው፣ ቦሎኛም ከጳጳሱ እጅ ወጥታ ነበር። በዓመቱ የአዲሲቱ መንግሥት ዋና ከተማ ከቶሪኖ ወደ ፍሎረንስ ስለ ተዛወረ፣ አምስት መንግሥታት ለየራሳቸው ጥቅም ያሰቡት ሐዲድ የአንድ አገር የጀርባ አጥንት ሆኖ ቁጭ አለ። ሰሜኑን ከመካከለኛው ጣልያን ጋር በአፔኒን ላይ ያገናኘ ሌላ ሐዲድ በጊዜው አልነበረም።

የሥራው መሪ ዣን ሉዊ ፕሮትች የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። የገጠመውን ችግር ለመረዳት ሁለቱን ጎኖች ማነጻጸር ይበቃል። ከቦሎኛ እስከ ፕራኪያ፣ ማለትም እስከ መስመሩ ከፍተኛ ጣቢያ ድረስ፣ ሐዲዱ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 600 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ሬኖ ረጅም ሸለቆ ስለ ቆፈረለት ዳገቱን ቀስ ብሎ ያበላዋል። ከፕራኪያ እስከ ፒስቶያ ግን ያንኑ ከፍታ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ማውረድ ነበረበት፤ በቶስካና በኩል ያለው ተራራ እንደ ግድግዳ የቆመ ነውና። ፕሮትች ሐዲዱን በሸለቆው ጎን ለጎን እያጠማዘዘ፣ ተራራው ውስጥ እያስገባና እያወጣ፣ በየሺህ ሜትሩ 25 ሜትር ያህል የሚወርድ ቁልቁለት አበጀለት። በጠቅላላው መስመር 47 ዋሻዎችና 35 ድልድዮች አሉ፤ አብዛኞቹንም የሚያገኘው በላይኛው ክፍል የተጓዘ ነው።

የታችኛው ክፍል ግን ሌላ ዓለም ነው። ባቡራችን ከቦሎኛ ሲነሣ መቀመጫ አልተረፈም፤ የትምህርት ቤት ቦርሳ የያዙ ወጣቶች፣ ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች፣ አንድ ብስክሌቱን በር ላይ ያቆመ ሰው። ካዛሌኪዮ ላይ ሬኖ ከተራራ ወደ ሜዳ ይወጣል። እዚያ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ወንዙን የሚገድብ ግድብ አለ፤ ውኃው በቦይ ወደ ቦሎኛ እየተመራ ወፍጮዎችንና የከተማዋን ሀብት የፈጠሩትን የሐር ማጠንጠኛዎች ያዞር ነበር። ወንዙ ከተማዋን ካበለጸገ ብዙ ዘመን በኋላ ነው እንግዲህ ለሐዲዱ መንገድ የሰጠው። ቀጥሎ ያለው ፖንቴኪዮ ማርኮኒ በ1895 ጉልዬልሞ ማርኮኒ በአባቱ ቤት ሆኖ ያለ ሽቦ መልእክት የማስተላለፍ ሙከራውን ያደረገበት ቦታ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በዚያ ሰዓት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበርና ትንሽ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ከሳሶ ማርኮኒ በኋላ ሸለቆው እየጠበበ ይሄዳል። ማርዛቦቶ ላይ ወረድሁ። የወረድሁት በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኤትሩስካውያን የሚባሉት የጥንት የጣልያን ሕዝቦች በአምስተኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት መንገዶቿን በማእዘን ለክተው የሠሯት ከተማ ፍርስራሽ ሲሆን፣ ከፊሏን ሬኖ ባለፉት ዘመናት እየሸረሸረ ወስዶታል፤ እነዚያም ሰዎች በዘመናቸው ይህን ሸለቆ የመረጡት ፕሮትች በመረጠበት ምክንያት፣ ከሜዳው ወደ ተራራው ማዶ ስለሚያደርስ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ስለ እርሱ ብዙ መናገር የማልፈልገው ነው። ከመስከረም 29 እስከ ጥቅምት 5 ቀን 1944 ባሉት ቀናት የጀርመን ወታደሮች በሞንቴ ሶሌ ተራራ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ከ770 በላይ ሰዎችን ገደሉ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሕፃናት፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። በመንደሩ መካከል ካለው የመታሰቢያ ቦታ ጥቂት ቆይቼ ወደ ጣቢያው ተመለስሁ። የጦር ግንባሩ በዚያ ክረምት እነዚህን ተራሮች ይዞ ስለ ቆመ ሐዲዱም አልተረፈም፤ ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉት ጀርመኖች ድልድዮቹን በድማሚት አፈራረሷቸው፤ ከጦርነቱም በኋላ መስመሩ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ መሠራት ነበረበት።

ቬርጋቶን አልፌ ሪዮላን በመስኮት ብቻ አየሁት። የፊንላንዱ አርክቴክት አልቫር አልቶ የነደፈውና እርሱ ከሞተ በኋላ በ1978 ያለቀው ቤተ ክርስቲያን እዚያ ይገኛል። ከመንደሩ በላይ ያለውን የሮኬታ ማቴይ ግንብ ያሠራው ደግሞ ቼዛሬ ማቴይ የተባለ ኮንት (መኳንንት) ሲሆን፣ ራሱ በፈጠረው የመድኃኒት ዘዴ ዝናው በአውሮፓ ሁሉ ናኝቶ ነበር፤ ዘዴው ይሠራ እንደ ነበር ግን ሐኪም ይመስክር።

ፖሬታ ቴርሜ ላይ ባቡሩ ያበቃል። በካርታ አንድ የሆነው መስመር በእውነቱ ሁለት መስመር የሚሆነው እዚህ ነው፤ ከቦሎኛ የመጣው ወደ ቦሎኛ ይመለሳል፣ ወደ ፒስቶያ የሚሄድ ሰው አጭር ባቡር መጠበቅ አለበት። የእኔ ባቡር በነጠላው ሐዲድ ላይ የተቃራኒውን ባቡር ለማሳለፍ ቆሞ ስለ ዘገየ፣ ተከታዩ ሳይጠብቀን ሄዶ አገኘነው። ከእኔ ጋር የቀሩት አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ወደ ሰሌዳው ቀስረው «ሁልጊዜ እንዲሁ ነው» አሉኝና የሚነበብ ጋዜጣ ከቦርሳቸው አወጡ፤ ዝግጅታቸውን ሳይ ቃላቸውን ለመጠራጠር ምክንያት አላገኘሁም። በመሆኑም ከአንድ ሰዓት በላይ ከተማዋን ዞርሁባት። ፖሬታ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የምትታወቅ የፍል ውኃ ከተማ ስትሆን፣ የታመመ በሬ ከምንጯ ጠጥቶ ዳነ የሚል አፈ ታሪክ አላት። በጦርነቱ ጊዜ ከአሜሪካኖች ጎን ሊዋጋ የመጣው የብራዚል ጦር መምሪያውን እዚህ አድርጎ ነበር። ከ1988 ጀምሮ ደግሞ በየበጋው ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለኦቲስ ሬዲንግ መታሰቢያ የሶል ሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄድባታል፣ ፌስቲቫሉ የሚደረግበትም መናፈሻ በሜምፊሱ ዘፋኝ በሩፉስ ቶማስ ስም ተሰይሟል። ይህን ሁሉ የያዘች ከተማ ሁለት ባቡር ለማገናኘት ለምን እንደሚቸግራት ሳስብ ሰዓቱ ደረሰ።

ከፖሬታ በላይ ያለው መንገድ የጉዞዬ ዋና ቁም ነገር ነበር። ባቡሩ ውስጥ ስንቆጠር አሥር አንሞላም። ሸለቆው ጠብቦ ወንዙ፣ የመኪናው መንገድና ሐዲዱ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋሉ፣ የቼስትነት ዛፍ ደኑም ቢጫ ሆኖ እስከ መስኮቱ ይመጣል። በዚህ መካከል የአስተዳደር ወሰን እናልፋለን፤ ከኤሚሊያ ሮማኛ ወጥተን ቶስካና ገብተናል፣ ፕራኪያም የፒስቶያ ናት። ነገር ግን ውኃው ይህን ወሰን አያውቀውም። ሬኖ የሚመነጨው ከቶስካና ሲሆን የሚፈሰው ወደ ሰሜን፣ ከዚያም ወደ አድሪያቲክ ባሕር ነው። የፕራኪያ ሰው እንግዲህ በአስተዳደር የፒስቶያ፣ በወንዝ የቦሎኛ ነው፤ የእነዚህ መንደሮች ኑሮ ለዘመናት ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ሲመለከት የኖረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሐዲዱ ለእነዚህ መንደሮች ካመጣቸው ሥራዎች ሁሉ የገረመኝ የበረዶ ንግድ ነው። ከፕራኪያ በላይ ባለው የሬኖ ሸለቆ ሰዎች የወንዙን ውኃ በክረምት ወደ ኩሬ እየመለሱ ያስረጉት፣ ሲጠነክር እየቆረጡ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ባላቸው ክብ ጎተራዎች ውስጥ በቅጠል ሸፍነው ያከማቹት ነበር። በበጋ በባቡር ተጭኖ ወደ ከተሞች ይላካል። የማቀዝቀዣ ማሽን እስኪመጣ ድረስ ሬኖ በረዶ ሆኖ በራሱ ሸለቆ በተሠራ ሐዲድ ይጓዝ ነበር ማለት ነው። ከጎተራዎቹ አንዳንዶቹ ታድሰው ዛሬም ይጎበኛሉ።

ከፕራኪያ ጣቢያ እንደ ወጣን ከ2,700 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአፔኒን ዋሻ ይጀምራል፤ ማዶው ሳን ሞሜ ነው። በዋሻው ሆድ ውስጥ ሳናውቀው የውኃ መለያውን እንሻገራለን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ውኃ በኦምብሮኔ አድርጎ ወደ አርኖ፣ በአርኖም ወደ ቲሬኒያን ባሕር ይሄዳል። ዋሻው ከሳን ሞሜ ወደ ፕራኪያ ሽቅብ ስለሚወጣ በእንፋሎት ባቡር ዘመን ለሠራተኞች ሲኦል ነበር። ከፒስቶያ የሚመጣው ባቡር ዳገቱን ቀስ እያለ ሲገፋ የራሱ ጭስ አብሮት ይጓዝ ስለ ነበር፣ ሾፌሩና ከሰል ጨማሪው ትንፋሽ ያጥራቸው፣ አንዳንዴም ራሳቸውን ይስቱ ነበር። መፍትሔውን በ1890ዎቹ ያገኘው ማርኮ ሳካርዶ የተባለ መሐንዲስ ነው። በዋሻው አፍ ዙሪያ ቀለበት መሰል ክፍተት ሠርቶ በትልቅ ማራገቢያ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ እንዲነፍስ አደረገ፤ አየሩም ጭሱን ከባቡሩ ፊት እየገፋ ወደ ኋላ ያወጣው ጀመር። ዘዴው ዋሻውን በበር መዝጋት የማያስፈልገው በመሆኑ ስሙ ከፕራኪያ አልፎ በሌሎች አገሮች ዋሻዎችም ታወቀ። በ1927 መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲገባለት ጭሱ ራሱ ቀረ።

ኤሌክትሪኩ ከገባ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ግን ዲሬቲሲማው ተከፈተ። የ18.5 ኪሎ ሜትር ዋሻው ተራራውን በግማሽ ከፍታ ስለ በሳው፣ ፈጣኖቹና ከባዶቹ ባቡሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደዚያ ዞሩ። ፖሬታናን ያወረደው እርጅናው ሳይሆን ቁልቁለቱ ነበር። ዕዳው ግን እንደ ግንድ መስመር ቀጠለ፤ ለጥቂት ተሳፋሪ ይኼ ሁሉ ዋሻና ድልድይ መጠበቅ፣ ይኼ ሁሉ ገደል መደገፍ አለበት። በ2014 መጀመሪያ ኮርቤጺ አካባቢ መሬት ተንሸራትቶ የላይኛው ክፍል ለወራት ሲዘጋ፣ ዳግመኛ አይከፈትም ብለው የፈሩ ብዙዎች ነበሩ።

ካስታኞንና ኮርቤጺን አልፈን ፒቴቺዮ ስንደርስ ሐዲዱ ከአንዱ የሸለቆ ጎን ወደ ሌላው ይገላበጣል፤ የፒስቶያ ሜዳ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ መስኮት ብቅ እያለ ይጠፋል። በዚህ መንገድ ላይ ለጎብኚ የሚነዱ አሮጌ ባቡሮች አሉ፣ ደስ ይላሉም፤ ነገር ግን መስመሩን የሚያኖረው ናፍቆት ነው ብዬ አላምንም። ከቦሎኛ እስከ ፖሬታ ያለው ክፍል የሚኖረው ባቡሩ ደጋግሞ ስለሚመጣ ነው። የላይኛውን ባዶ ነው ብለው የሚያማርሩ ሰዎች ፖሬታ ላይ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ቢጠብቁ የባዶነቱን አንዱን ምክንያት እዚያው ያገኙታል።

ፒስቶያ ደረስሁ። ሐዲዱ የሚያበቃባት ይህች ከተማ የአገሪቱ ፈጣን ባቡሮች የሚሠሩበት ፋብሪካ ባለቤት ናት፤ ከጣቢያው አጠገብም የአሮጌ ባቡሮች ማደሻ አለ። ጊዜ ስላልነበረኝ ሁለቱንም ከውጭ አይቼ፣ በፕራቶ በኩል በዲሬቲሲማው ተመለስሁ። ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ዋሻው ሲጀምር አንቀላፋ፣ ዋሻው ሲያልቅም አልነቃም። ቦሎኛ እስክንደርስ ሬኖን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም።